የሰር ቶማስ ቢቻም ሰማያዊ እርሳስ

መድረክ ላይ ከሚታዩት ሙዚቀኞች ሁሉ ድምፅ የማያወጣው የኦርኬስትራ መሪው ብቻ በመሆኑ፣ ከሞተ በኋላ በምን ሊታወስ እንደሚገባ መወሰን ያስቸግራል። የሙዚቃው ደራሲ ኖታውን ትቶ ያልፋል፤ መሪው ግን የሚተወው በሌሎች ሰዎች እጅና እስትንፋስ የተሠራ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሰር ቶማስ ቢቻም (1879–1961፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሚታወሰው በቀልዱ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የመራው ሲምፎኒ ሳይሆን ለአንዱ ዘፋኝ ወይም ለአንዱ ተጫዋች ሰጠው የሚባለው መልስ ነው።

ቢቻም የተወለደው ላንክሻየር ውስጥ በምትገኘው ሴንት ሄለንስ ሲሆን፣ አያቱ የጀመሩት የሆድ ማለስለሻ ክኒን ያስገኘው ሀብት ኦርኬስትራ እንዲቀጥርና በ1910 የሪካርድ ሽትራውስን ኦፔራ «ኤሌክትራ» ለለንደን እንዲያስተዋውቅ አስችሎታል። የለንደን ፊልሃርሞኒክን በ1932፣ ሮያል ፊልሃርሞኒክን በ1946 የመሠረተ እርሱ ነው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጫወታሉ።

በስሙ ከሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ የእርሱ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የላቸውም። አንድ ጊዜ ቀልደኛ የተባለ ሰው ባለቤት ያጣውን ቀልድ ሁሉ መውረሱ አይቀርም፤ የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሰምቶ ላደገ አንባቢ ለዚህ ማስረጃ መደርደር አያስፈልግም፤ ጨዋታቸውን ከሚያወሩት መካከል የተክሌን አቋቋም ከስማቸው ጋር የሚያያይዙት ጥቂቶች መሆናቸውንም ያውቃል። ቢቻም ተናገረው ከሚባለው አንዱ፣ የኦርኬስትራ ሕግ አብሮ መጀመርና አብሮ መጨረስ እንደሆነ፣ በመካከል ለሚሆነው ግን አድማጭ ደንታ እንደሌለው የሚገልጸው ነው። አባባሉ ያስቃል፤ ስለ ተናጋሪው ሥራ የሚሰጠው ሥዕል ግን ፈጽሞ ሐሰት ነው።

ቢቻም ዕድሜውን የፈጀው በዚያ «በመካከል» ላይ ነበርና። የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ አንድ ላይ የያዘውን ጽሑፍ፣ ማለትም ስኮሩን፣ የሚያየው መሪው ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት የሚቀመጠው «ፓርት» የሚባለው፣ የራሱን ድርሻ ብቻ የያዘ ወረቀት ነው። ቢቻም በእነዚህ ጽሑፎች ላይ በሰማያዊ እርሳስ ምልክት ያበዛ ነበር፤ ድምፁ የት እንደሚጎላ፣ የት እንደሚለዝብ፣ ዜማው ከቫዮሊን ኦቦ ወደተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲሻገር ቫዮሊኑ በየትኛው ምት ላይ ቦታ እንደሚለቅ ያመለክታል። የፍሬደሪክ ዲልየስ ሙዚቃ ደግሞ ይህን ትጋት ከሌላው አብልጦ ይጠይቃል፤ ብዙው መሣሪያ እኩል ከጮኸ ዜማው ይሰጥማል። በ1929 ቢቻም ለዲልየስ ሥራዎች ብቻ የተሰጠ ፌስቲቫል በለንደን ሲያዘጋጅ፣ ዓይኑ የታወረውና ሰውነቱ ሽባ የሆነው ደራሲ ከሚኖርበት ከፈረንሳይ መጥቶ የገዛ ሙዚቃውን አዳምጧል። ለዚያ ሰው በመካከል ያለው ሁሉ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

የቀልዱም ምሥጢር ከእርሳሱ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ትእዛዙ አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ሰፍሮ ከሆነ፣ በልምምድ ሰዓት መሪው ብዙ ማስረዳት ስለማያስፈልገው አንደበቱ ለጨዋታ ነፃ ይሆናል፤ የሳቀ ነፊ ደግሞ ትከሻው ይላላል፣ እስትንፋሱም ይረዝማል። ተቀርጸው ከቀሩት ልምምዶቹ የተጫዋቾቹ ሳቅ ዛሬም ይሰማል።

የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን ለለንደን የደረሳቸውን ዐሥራ ሁለት ሲምፎኒዎች፣ ከ93ኛው እስከ 104ኛው፣ ቢቻም በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲያስቀርጽ ስሕተት በበዛባቸው አሮጌ ኅትመቶች መጠቀሙን ሊቃውንት ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ93ኛው ሲምፎኒ ዝግተኛ ክፍል መጨረሻ ገደማ፣ ሙዚቃው እየሳሳ ሄዶ ሊቆም ሲደርስ፣ ባሶን የተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ አንዲት ዝቅ ያለች ኖታ በሙሉ ኃይሉ ይለቃል። ይህ የሃይድን የራሱ ቀልድ ነው፤ የሚያስቀውም ከእርሱ በፊት የሚጫወቱት ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ማለትም ቫዮሊንና ቤተሰቦቹ፣ በሚገባ ከለዘቡ ብቻ ነው። ኅትመቱ፣ የታረመውም ቢሆን፣ ለዝቡ ይላል እንጂ ምን ያህል፣ እስከ የትኛው ምት ድረስ የሚለውን አይናገርም፤ ያ በእርሳስ የሚጨመር ነው።