ፊቷን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ጀርባዋን እዩ!

ፓሪስ ሲባል ሽቶና የኤፍል ማማ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ። በከተማው ዘጠነኛ ወረዳ “ኦቴል ድሩኦ” የሚባል ቤት አለ። ስሙን ሰምታችሁ አልጋ የሚከራይበት እንዳይመስላችሁ! እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ዕቃ በጨረታ የሚሸጥበት ቤት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። የሚሸጠው ዕቃም ከጨረታው በፊት ለሕዝብ ይታያል።

ወደዚያ የወሰደኝ ወዳጄ ስሙ ይቆየን። አሮጌ የፈረንሳይ አካዳሚ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚያሳብደው ወጣት ነው። ያን ዕለት ለሠርጉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያወጣ ቆርጦ ነበር። ምን አየና? አንዲት ባዶ እግሯን የቆመች የገጠር ልጃገረድ! ገላዋ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ የብሩሽ ምልክት የማይታይባት። የአካዳሚ ሰዎች ሙያቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ዓይነቱ ሥዕል ዕጣው እንደ ሰው ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1863 የካባኔልን “የቬነስ ልደት” ንጉሠ ነገሥቱ ሳልሳዊ ናፖሊዮን ራሳቸው ገዙት። በዚያው ዓመት የማኔን ሥዕል ዳኞቹ አንቀበልም ብለው መለሱት። ኋላ ጊዜ ተገለበጠና ማኔ ነገሠ፤ የአካዳሚዎቹ ሥዕሎች ደግሞ ዋጋቸው ወድቆ ብዙዎቹ መጋዘን ገቡ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ እንደገና ፈላጊ አገኙ። ዛሬ ሁለቱም ሥዕሎች ድሮ ባቡር ጣቢያ በነበረው በኦርሴ ሙዚየም ይታያሉ። “ገዝቼ አተርፍበታለሁ” የሚል ሰው ይህን ያስብ!

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” አይደል የሚባለው? ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉን አዙሩት። ጀርባው ብዙ ይናገራል። ሸራው አርጅቷል ወይ? ምስማሩስ? የድሮ ቀለም ነጋዴ ማኅተም አለው ወይ? ቀጥሎ በጨለማ አልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። አሮጌው ቫርኒሽ አረንጓዴ መስሎ ሲያበራ፣ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ካታሎጉን አንብቡ! “አትሪብዌ” ካለ ሥዕሉ በሠዓሊው ዘመን የተሠራ፣ የእሱ ነው ለማለትም ጠንካራ ግምት ያለ ነው። “ዳፕሬ” ካለ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የፈረንሳይ ደንብ እንደሚለው ስለ ሠዓሊው ምንም ዋስትና የለም። ወዳጄ ያፈዘዘችው ልጅ ሥር የታላቁ ቡግሮ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ ቃል ግን “ዳፕሬ” ናት! ቅጂ ናት ማለት ነው።

ሳሳየው ሁለት ቀን አኮረፈኝ። እጮኛው ግን ደውላ አመሰገነችኝ።

እንዲህ ስል ቅጂ አትግዙ ማለቴ አይደለም። በቅጂ ዋጋ ከሆነ ግዙ፤ ግድግዳ ያሳምራል። ብቻ ከመግባታችሁ በፊት የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። መዶሻው ካረፈበት ዋጋ በላይ የጨረታ ቤቱ ክፍያ እንደሚጨመርም አትርሱ። ነገ ዋጋው ቢወድቅ እንኳ ጠዋት ጠዋት ስታዩት ደስ የሚላችሁን ምረጡ። እሱን ፋሽን አይወስድባችሁም።

ቸር ሰንብቱ!