ባትሪው ምን አጠፋ?

መኪና ጠዋት አልነሳም ሲል ሁላችንም ጣት የምንቀስረው ባትሪው ላይ ነው። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፤ ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው ተገፍቶ ይነሳል፤ ከሰዓት አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም ይደክማል። ኧረ ከመግዛት በፊት እንለካ!

ከጎዳናችን ያልጠፋችውን ዲኤክስ ኮሮላ እንውሰድ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ ቴስተሩ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሞልቷል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። 15ን ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩን መጠርጠር ነው፤ ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃው ያልቃል።

ዲናሞ ለመፍታት ግን አንቸኩል። ቺንጋው ላልቶ ይሆን? የባትሪው ራስ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ዝገት ተጋግሯል? ኔጌቲቩን ከቦዲውና ከሞተሩ የሚያገናኘው ገመድ ጠብቋል? ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዲናሞው ይፈታ። ያኔም ያለቀው ካርቦኑ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መቀየር ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

አንድ አደራ አለኝ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለው ፈተና ይቅርብን። ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ የዲናሞውን ደህና ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር ከባትሪ በብዙ ይረክሳል፤ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ከክሪኩ ጎን አንድ ይያዝ።