«ገባኝ» ያልኩባቸው ምሽቶች

እናቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ እያፈላች በላከችልኝ ገንዘብ፣ እኔ ሰመራ ተቀምጬ ለአንድ ወር ተኩል ውሸት ስናገርበት ከረምኩ። ውሸቱ አንዲት ቃል ናት፤ «ገባኝ»። አስጠኚዬ ጥያቄውን ሠርቶ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጥና «ገባህ?» ይለኛል። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ገባኝ» እላለሁ። በሰዓት 150 ብር የምከፍለው ለዚያች ቃል ነበር።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው እንዲፈተኑ በተደረገበት በመጀመሪያው ዙር፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት አንዱ ነኝ። በዚያ ዙር ከ100 ተፈታኝ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው አራት እንኳ አይሞላም። እኔም ካላለፉት ነበርኩ፤ በሪሜዲያል አልፌ ነው ፍሬሽማን የሆንኩት። ፍሬሽማን ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጄኔራል ፊዚክስ ይወስዳል። ኮርሱ ከእንቅስቃሴ ይነሳና በፈሳሾች፣ በሙቀት፣ በሞገድ አድርጎ እስከ ኤሌክትሪክና መግነጢስ ድረስ በአንድ ሴሚስተር ይሮጣል። እኔ ፊዚክስን የማውቀው በቀመር ነበር። የተሰጡትን ቁጥሮች ለቅሜ የሚስማማቸውን ቀመር ፈልጌ መክተት። ሚድ ላይ ከ30 ሰባት አገኘሁ።

ያን ማታ ዶርም ውስጥ ፋኑ ትኩስ አየር እያገላበጠ ተኝቼ፣ አስጠኚ ካላገኘሁ ማለቄን አወቅሁ። የዶርም ጓደኛዬ ወዲያው ሰው ጠቆመኝ። ከታችኛው ብሎክ ያለ የሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ ተማሪ፣ ከቴሩ የመጣ የአፋር ልጅ። «እሱን ጠይቀው፣ ቤተኛ ነው» አለኝ። ልጁን አውቀዋለሁ። ካፌ ሰልፍ ላይ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። አማርኛው ይሰባበራል፤ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ ይጠራል። ቃል ሲጠፋው ዝም ብሎ ይቆምና ፈልጎ ያመጣዋል። እኔ አፋር ምድር ተወልጄ፣ አፋር ምድር አድጌ፣ ከአፋርኛ ከሰላምታ የዘለለ የማላውቅ ሰው፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገረውን ልጅ አማርኛው ስለተሰባበረ ብቻ ፊዚክስ አያስረዳኝም ብዬ ናቅሁት። ለጓደኛዬ «እሺ፣ አየዋለሁ» አልኩት። ላየው አልነበረም።

ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ማትስና ፊዚክስ እናስጠናለን የሚል። ደወልኩ። አስጠኚው የተመረቀ፣ አፉ የቀና፣ ከቃል ቃል የማይደናቀፍ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስጠኚ ነበር። ጽሑፉ ያምራል፣ አንድ መስመር አይዘልም፣ ሲያስረዳ ትዕግሥት አለው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ሲሠራ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆንልኛል፤ ዶርም ገብቼ ደብተሩን ስዘጋው ሁሉም ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት ሰበቃ ላይ ደርሰን፣ ተዳፋት ላይ የቆመ ዕቃ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል ከየት እንደመጣ ሳይገባኝ ቀረ። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን እንኳ አታውቅም የሚለኝ መሰለኝና ዘጋሁት። «ገባህ?» «ገባኝ።» ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተሠራው ባልገባኝ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ገባኝ ካልክ ወደኋላ ተመልሰህ አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሌላ ገባኝ ትጨምርበታለህ።

ደብተሬ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞላ። ማታ ማታ እየቸከልኩ አንዳንዱን ጥያቄ ከነቁጥሩ በቃሌ ያዝኩት። ፋይናል ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ተገልብጦ መጣ። ውጤቱ ሲወጣ ኤፍ ሆነ።

ለእረፍት ወደ አዋሽ ስሄድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጬ፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን እያለፍኩ፣ ለእናቴ ምን እንደምላት ነበር የማስበው። ደርሼ «ትምህርቱ እንዴት ነው ልጄ?» ስትለኝ «ጥሩ ነው እማዬ» አልኳት። አስጠኚው ጠቅሞህ እንደሆነ ስትጠይቀኝም «በጣም» አልኩ። ይህን እዚህ የምጽፈው አሁንም ስለሚከብደኝ ነው።

በዚያ እረፍት በየቀኑ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ መኪናዎቹን እቆጥር ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡት፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት። ሾፌሮቹ ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው መኪናው ጎን ላይ ያስሩታል። እናቴም የሾፌሮቹን የመጠጥ ውኃ የምታስቀምጠው እንደዚያው ነው፤ ጆንያውን ሦስቴ አራቴ እያራሰች ነፋስ በሚያገኘው ጥግ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ከከብት ገበያ የሚመለሱ አፋሮች ይገናኛሉ። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ፣ ያወራሉ። ዳጉ ነው። ዳጉ የአፋር የዜና መለዋወጫ ሥርዓት መሆኑን ማንም የአዋሽ ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ሥራ የፈቱ ሰዎች ረጅም ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። አድጌም ያው ነበርኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን ልደግም ሰመራ ስመለስ፣ ለአስጠኚ የሚሆን ብዙ ገንዘብ አልነበረኝም፤ እናቴን መጠየቅም አልቻልኩም። በመጨረሻ ወደ ታችኛው ብሎክ ወረድኩ። የናቅሁትን ሰው በር ማንኳኳት ከባድ ነው። እሱ እንደናቅሁት አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሲከፍትልኝ ገና «ወንድሜ፣ ፊዚክስ አስጠናኝ» ብቻ ነው ያልኩት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰዓት 60 ብር ተስማማን።

የመጀመሪያ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከብሎኩ ጀርባ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥን። ሞጁሉን ገልጬ «ከዚህ እንጀምር» አልኩት። ዘጋው። «መጀመሪያ ዳጉ» አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከባለፈው ዓመት ኮርስ ምን እንደማውቅ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ስነግረው ግን በየመሃሉ እያስቆመ «ይህን አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይለኛል።

እሱ ባደገበት ቀዬ ዳጉ የሚባለው እንዲህ እንደሆነ ነገረኝ። መንገድ ላይ የተገናኘኸው ሰው ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደሰማህ ይጠይቅሃል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሳር የት አለ፣ የት ግጭት ተነሳ። በዓይንህ ያየኸውን በዓይኔ አየሁ ትላለህ፤ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ትላለህ። ያላየኸውን አየሁ ካልክ፣ ቃልህን ይዞ ከብቱን የነዳው ሰው ደረቅ መሬት ላይ ይደርሳል። ከብት ይሞታል። ስለዚህ በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ የያዝከውን ሳትናገር ማለፍም እንደዚያው።

የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ነገርኩት፤ ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ኃይል አለ ብዬ። «አይተሃል?» አለኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩት። ይህን ስል የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ። በዓመት ውስጥ ስለ ፊዚክስ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው። ያን ማታ አንድም ጥያቄ አልሠራንም። በአንድ ወረቀት ላይ በግራ ያየሁትን፣ በቀኝ የሰማሁትን ጻፍን። ቀኙ ሞልቶ ወደ ጀርባ ተሻገረ። በግራ የተጻፈው ሦስት መስመር ነበር።

ሙቀት ላይ ስንደርስ ጀሪካኑን አነሳሁበት። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ሳሃራ በሚያህል ሙቀት ውስጥ ተቀምጠን ቀዝቃዛ ውኃ አማረኝ መሰለኝ። እናቴ ጆንያ እንደምታርስ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «ይህን አይተሃል!» አለኝ። «ታዲያ ለምን ይቀዘቅዛል?»

ጆንያው እርጥብ ስለሆነ አልኩ። ጆንያው የራሰበት ውኃ እኮ ትኩስ ነው አለኝ፤ ቧንቧው ራሱ ከፀሐይ ሥር ነው። ነፋስ ስለሚያገኘው አልኩ። ነፋሱም ትኩስ ነው አለኝ፤ ፋንህ አየሩን ያቀዘቅዘዋል? አያቀዘቅዘውም። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ካፌ ሰልፍ ላይ የናቅሁት ዝምታ ይኸው ነው፤ ቃሉ እስኪመጣ መጠበቅ። አላቋረጠኝም፣ መልሱንም አላቀበለኝም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውኃው ከጆንያው ላይ የት እንደሚሄድ ራሴን ጠየቅሁ። ይተናል። ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል? አጠገቡ ካለው፤ ከጆንያው፣ ከጀሪካኑ፣ ከውኃው።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን ቀመሮች፣ የመትነኑንና የማቀዝቀዙን፣ የጻፍነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በዚህ ሙቀት ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይወስዳል። ከጆንያው 200 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ገደማ፣ ቢተን 480,000 ጁል ነው። 20 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 84,000 ጁል መውሰድ በቂ ነው። ሙቀቱ በሙሉ ከውኃው ቢወሰድ በስድስት ዲግሪ ያህል ይወርዳል ማለት ነው፤ ከፊሉን ከአየሩ ስለሚወስድ ከዚያ ያንሳል። እናቴ ለምን ደጋግማ እንደምታርሰው፣ ለምን ነፋስ ያለበት ጥግ እንደመረጠች፣ በደመናማና ወበቃማ ቀን ለምን ውኃው እንደማይቀዘቅዝላት በአንዴ ተገለጠልኝ። እነዚያን ሁለት ቀመሮች ባለፈው ዓመት በቃሌ አውቃቸው ነበር። ከእናቴ ጀሪካን ጋር ግን አንድ ቀን አላገናኘኋቸውም።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር፣ ተማሪዎቻቸው ከባድ ከባድ ስሌት እየሠሩ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ በተራ ቋንቋ የቀረበ ጥያቄ ሲመጣ እንደሚሰናከሉ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ንግግራቸውን እየቀነሱ ተማሪዎቹ ጎን ለጎን እርስ በርሳቸው እንዲከራከሩ ማድረግ ጀመሩ። ይህን ለአስጠኚዬ ስነግረው አልገረመውም። ሰው ሲያወራ ነው የያዘውን የሚያውቀው አለኝ።

እየደገምኩ ሳለ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ አዋሽ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድሩ ሳምንታት ሙሉ አልተኛም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ዶርሙ በወሬ ተሞላ። ፈንታሌ ሊፈነዳ ነው፣ አዋሽ ለሁለት ተሰነጠቀች። ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ይዞራል። ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው ትልቁ መጣ፤ ዜናው ሲደርሰኝ ወደ ታችኛው ብሎክ ሮጥኩ። አስጠኚዬ ነቅቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትከፈት፣ የእነሱ ቀዬ ሰው ከብቱን ይዞ ሸሽቶ ነበር። እሱ ያኔ ሕፃን ነው፤ የሚያውቀው ከአጎቱ ሰምቶ ነው፤ ሲነግረኝም «ሰማሁ» ብሎ ነው የነገረኝ። የመንቀጥቀጥ መጠን ከ4 ወደ 5 ሲያድግ የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ እንደሚሆን ባለፈው ሳምንት አብረን ሠርተነዋል። አሁን ያን አላነሳም። «እናትህ ጋ ደውል» አለኝ። «ያየችውን ጠይቃት።»

በስንት ሙከራ አነሳችው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሰው የሚያወራውን ሁሉ ልትነግረኝ ጀመረች፤ ከተማው ሊሰምጥ ነው ይላሉ፣ መንገዱ ተቆርጧል ይላሉ። «እማዬ፣ አንቺ በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ ብርጭቆዎቹ ከመደርደሪያ ወርደው አሥራ አንዱ ተሰበሩ። የጓዳው ግድግዳ ክንድ ያህል ተሰንጥቋል። እሷ ምንም አልሆነችም። ጎረቤቱ ሁሉ ሸራ ወጥሮ ግቢ ነው ያደረው፤ መኪናዎቹ እያለፉ ነው፤ አሁንም ሁለቱ በፊቷ አለፉ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ረጋ፤ እኔም ረጋሁ።

«አንተስ ልጄ?» አለችኝ። «አንተ ጋ ምን አለ?»

አስጠኚዬ አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ዳጉ አንድ ወገን ብቻ ተናግሮ እንደማያልቅ ከእሱ ነው የሰማሁት። ኤፍ ማግኘቴን ነገርኳት። የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ፣ እረፍት ላይ እንደዋሸኋት፣ አሁን እየደገምኩ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሚድ ላይ ከ30 ሃያ ሁለት እንዳገኘሁ፣ የሚያስጠናኝ ልጅ ማን እንደሆነ። እሱንም መጀመሪያ እንደናቅሁት አልደበቅሁም። አማርኛ ይሰማል፤ አጠገቤ ነው ያለው፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል።

«ያ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «ዳቦ ቆሎ ይበላል?»

በአምስተኛው ቀን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ሎግያ መቆሚያ ላይ ደውሎ ጠራኝ። በስኳር ላስቲክ ተቋጥሮ፣ ላዩ ላይ ገና የጭስ ሽታ ያለው ዳቦ ቆሎ። እናቴ ሸራ ሥር ነው የቆላችው። ሁለት ቋጠሮ ነበር፤ ትልቁ የእሱ ነው ብላ ልካለች።