ቤቱ ጎማ ላይ፣ አድራሻው ወረቀት ላይ

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሥልጣን ክፍፍል ስጽፍ የለመዳችሁኝ አንባብያን ዛሬ ስለ ተጎታች ቤት ለመጻፍ መነሣቴ ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ከሙያዬ ያን ያህል የራቀ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን ለልጅና ለጎረቤት አከፋፍለው፣ ፒክአፕ በሚጎትተው ወይም የራሱ ሞተር ባለው ቤት ዓመቱን ሙሉ እየተዘዋወሩ ለመኖር የሚወስኑ ሰዎች አሉ። ብርዱን በደቡብ በረሃ፣ ሙቀቱን በሰሜን ተራራ ያሳልፋሉ። ለዚህ ኑሮ የሚደረገውን ዝግጅት በቅርብ ስከታተል ከሁሉ አድካሚ ሆኖ ያገኘሁት የጎማውንና የፍሬኑን ጉዳይ አይደለም፤ «የት ነው የምትኖረው?» ለሚለው የመንግሥት ጥያቄ መልስ ማዘጋጀቱን ነው።

ዝግጅቱን ያየሁት በአጎቴ በኩል ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በደርግ ዘመን በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ከዚያ በስደተኝነት ወደዚህ አገር መጥቶ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ረጅም ርቀት የሚሄድ የጭነት መኪና ነድቷል። በመጪው ዓመት 65 ይሞላዋል። እሱና ባለቤቱ ሜሪላንድ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች ቤት ለመኖር ከወሰኑ ወዲህ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከመድን ድርጅት የሚመጣው ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። «ዶክተር፣ እስቲ ይህን አንብብልኝና ምን እንደሚሉ ንገረኝ» ይለኛል። ሐኪም አለመሆኔን እያወቀ ስለ ጉልበቱም ይጠይቀኛል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወሬው በዘመድ መካከል ሲሰማ የተነሣው ጩኸት ቀላል አልነበረም። «ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ቤት ከሠራ በኋላ መኪና ውስጥ ያድራል?» ያለው ብዙ ነው። አንዲት ዘመዳችን እንዲያውም «ዘላን ልትሆን ነው?» ብላ በስልክ ተቆጥታዋለች። ቃሉን ልብ በሉ። በእኛ ቋንቋ ቤት ከዕቃነት በላይ ነው፤ «ቤቱ ይፍረስ»ም «ቤት ለእምቦሳ»ም እንላለን። ቋሚ ቤት የሌለውን ሰው ግን ስድብ አድርገነዋል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጹ ከተጻፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላም የከተሜው አፍ አልታረመም። ሦስት መቶ ሺህ ዶላር አውጥቶ ባለሞተር ቤት የገዛ አሜሪካዊ ሲንከራተት «ነፃነት» የሚባለው፣ ግመሉን ተከትሎ ውኃ የሚፈልግ የአፋር ሰው ሲያደርገው «ኋላ ቀርነት» የሚባለው ለምን እንደሆነ ለዘመዳችን ጥያቄ አቀረብሁላት። ስልኩን ዘጋችው።

በአሜሪካም ቢሆን በጎማ ላይ የሚኖር ሁሉ በምርጫው የሚኖር አይደለም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤታቸውን ያጡ፣ የጡረታ ቁጠባቸው የተመናመነ አዛውንት በቫን ውስጥ እያደሩ የወቅት ሥራ ሲያሳድዱ ኖረዋል። አማዞን ለእነዚህ ተጓዦች ብቻ የተዘጋጀ የበዓል ሰሞን የመጋዘን ሥራ ለዓመታት ነበረው። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ያሳተመችው «ኖማድላንድ» የተሰኘ መጽሐፍ የእነርሱን ኑሮ የዘገበ ሲሆን፣ በ2021 የዓመቱን ምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘውም ከዚሁ መጽሐፍ የተወሰደ ፊልም ነው። አጎቴ ከእነዚህ ወገን አይደለም። የሚሸጠው ቤት አለው፤ ባልና ሚስት ካለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሁለቱን የኖሩበትን ቤት ሲሸጡ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ስለሆነላቸውም እጁ ላይ የሚገባው ገንዘብ ለመንገድ ይበቃል። ልዩነቱን የማነሣው መንከራተትን እንደ ግጥም የሚያወሩ ሰዎች ስለሚያናድዱኝ ነው።

የመኪናውን ዝግጅት በተመለከተ የምጨምረው ጥቂት ነው፤ ባለሙያው እሱ ነውና። ሻጩ «ይህ ፒክአፕ ይህን ቤት እንደ ላባ ይጎትተዋል» ሲለው አጎቴ አልመለሰለትም፤ በበሩ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ወሰን አንብቦ ባዶውን ተጎታች በጭነት መኪና ማረፊያ ወዳለው ሚዛን ወሰደው። ሰው የሚረሳው ውኃውን ነው ይላል። 150 ሊትር የሚይዝ ጋን ሲሞላ 150 ኪሎ ነው፤ በዚያ ላይ ልብሱ፣ መሣሪያው፣ የጤፍ ዱቄቱ አለ። ከተጎታቹ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በመጎተቻው ጫፍ ላይ ካላረፈ ጭራው እየተወዛወዘ መኪናውን ይዞት እንደሚሄድ ሲያስረዳኝ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ከማስተምረው አብዛኛው ነገር የተሻለ ግልጽ ነበር።

እትዬ ደግሞ የራሷ ስሌት አላት። በብዙ የመስፈሪያ ቦታዎች የሚገኘው መደበኛ የኤሌክትሪክ መስመር 30 አምፔር፣ ማለትም 3,600 ዋት ገደማ ነው፤ ምጣዱና የአየር ማቀዝቀዣው አብረው ከበሩ ይጠፋል። ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው በማለዳ ነው። ቡናው እንደማይቆላ የተነገራት ዕለት ግን ጉዞው ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር፤ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የጢስ ማስጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ጮኸ። አሁን ስምምነቱ ቡናው ውጭ፣ ከደጃፉ ሥር እንዲቆላ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በዚህ አገር የመንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ መድን፣ ግብር፣ የሕክምና ዋስትና፣ የምርጫ ምዝገባ ሁሉም በአንድ ግዛት ነዋሪነት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ዛሬ የሚያድሩበት ስፍራ ሌላ፣ ሕግ የእርስዎ ብሎ የሚያውቀው ስፍራ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ከመመለስና ከመቆየት ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ቤት የሌለው ተጓዥ እንግዲህ አንድ ግዛት መርጦ በወረቀት ነዋሪ መሆን አለበት። በተጓዦች ዘንድ የታወቁት ሦስቱ፣ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ሳውዝ ዳኮታ፣ በግለሰብ ገቢ ላይ የግዛት ግብር የማይጥሉ ናቸው። ሳውዝ ዳኮታ በተለይ ቀላል ናት፦ ደብዳቤ ተቀብሎ ከሚያስተላልፍ ድርጅት የመልእክት አድራሻ ይከራያሉ፣ በግዛቲቱ ቢያንስ አንዲት ሌሊት ያደሩበትን ደረሰኝ ያቀርባሉ፣ መንጃ ፈቃዱ ይሰጥዎታል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ቀበሌ ነው። በ1975 ከከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር የመጣው ቀበሌ ሰውን የሚያውቀው በቤት ቁጥሩ ነበር። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሄደ ሰው መሸኛ ካልያዘ በሁለቱም ዘንድ የለም። አሜሪካኖች መሸኛ የላቸውም እንል ነበር። ይሁንና በ2005 ወጥቶ በአውሮፕላን ማረፊያዎች ከግንቦት 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የመታወቂያ ሕግ፣ ደረጃውን የጠበቀ መታወቂያ ለማግኘት የዋና መኖሪያ አድራሻን በሰነድ ማስረዳትን ይጠይቃል። መሸኛው በሌላ ስም መጥቷል ማለት ነው።

አጎቴን ያስጨነቀው ግን መታወቂያው አልነበረም። ሳውዝ ዳኮታ በ2023 ባወጣችው ሕግ በመራጭነት ለመመዝገብ የሚሻ ሰው ቢያንስ 30 ቀን በግዛቲቱ መኖር አለበት። ለመንጃ ፈቃዱ ክፍያና ለሰሌዳው ቀረጥ አንዲት ሌሊት ትበቃለች፤ ለድምፅ ግን አትበቃም። በእርግጥ የአካባቢው ሰው ክርክር ከንቱ አይደለም። በወረዳው ውስጥ አንዲት ሌሊት ብቻ ያደረ ሺህ ሰው የትምህርት ቤቱን ቦርድና የፖሊስ አዛዡን ሊመርጥለት ነው። እኔ ብሆንም አልወደውም። ሆኖም ክርክሩ ትክክል የሚሆነው ያ ተጓዥ በሌላ ስፍራ ድምፅ ካለው ብቻ ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ በውጭ አገር የሚኖር አሜሪካዊ ከመውጣቱ በፊት በኖረበት ግዛት ለፌዴራል ሥልጣን እንዲመርጥ ዋስትና ሰጥቷል። አጎቴ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባ በዚህ ሕግ ይጠበቃል፤ አሪዞና በረሃ ላይ ቢሰፍር ግን ይህን የመሰለ ዋስትና የለውም። ከአገር የወጣው ዜጋ ተሻለ፣ በአገሩ ውስጥ የሚዞረው በየግዛቱ ደግነት ላይ ቀረ። ክፍል ውስጥ «ፌዴራሊዝም» እያልሁ የማስተምረው ነገር ይህን ያህል ተጨባጭ ሆኖ የታየኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህን ሰው ካላወቃችሁት «አንድ ድምፅ ምን ያደርግለታል?» ትሉ ይሆናል። ሱዳን በነበረባቸው ዓመታት አጎቴ የማንም አገር ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ወዲህ አንድም ምርጫ አላለፈውም፤ አንድ ጊዜ ኦሃዮ ጭነት ሊያደርስ ተልኮ፣ አሠሪውን አስፈቅዶ፣ ቅድሚያ ድምፅ ሰጥቶ ነው የሄደው። «እንደገና ወረቀት የሌለው ሰው አልሆንም» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በቴክሳስም አማራጭ አለ። ሊቪንግስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆ እና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት በ1978 የመሠረቱት የተጓዦች ማኅበር ይገኛል። ማኅበሩ የአባላቱን ደብዳቤ ያስተላልፋል። ከዚያም አልፎ ዕድሜ ወይም ሕመም ከመንገድ ያስቀራቸው አባላት የራሳቸውን ቤት አቁመው፣ ምግብና እንክብካቤ እያገኙ የሚኖሩበት ማዕከል አለው። ይህን ለእትዬ ባነበብሁላት ጊዜ ወዲያው «እድር ነዋ!» አለች። ልክ ናት። የራሷ ጥያቄ ከጅምሩ ይኸው ነበርና፦ ሜዳ ላይ ሳለን ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ለቅሶው የት ነው? ድንኳኑ በማን ደጅ ይተከላል? አገር ቤት እድር የሰፈር ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚተዋወቅ ሰው ነው ቀባሪው። እዚህ ወደ ስልክ ዝርዝርነት ተለውጧል፣ ነገር ግን ያው ዝርዝር የአንድ ከተማ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ሕክምናው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስህተት ከተሠራበት የማይመለስ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሜዲኬር በ65 ዓመት ይጀምራል። መደበኛው ሜዲኬር እሱን በሚቀበል ሐኪም ዘንድ በየትኛውም ግዛት ይሠራል። በግል ኩባንያዎች የሚቀርበው «አድቫንቴጅ» የተባለው ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካባቢ ባሉ ሐኪሞች የታጠረ ነው፤ ቋሚ ነዋሪን ሊጠቅም ይችላል፣ ለተጓዥ ግን ከድንገተኛ ሕመም በቀር ብዙም አይረባም። መደበኛው የማይከፍለውን ወጪ የሚሸፍነው ተጨማሪ መድን ደግሞ፣ 65 የሞላው ሰው በሜዲኬር የሐኪም ክፍል በተመዘገበ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ሲጠየቅ በፌዴራል ሕግ መሠረት በጤና ምክንያት አይከለከልም። ያ ጊዜ ካለፈ ኩባንያው በአብዛኛው ግዛት ስኳርህንና ደም ግፊትህን መርምሮ እምቢ ማለት ይችላል። አጎቴ ሁለቱም አሉበት።

እኔም በመጨረሻ ሐሳቤን ነገርኋቸው። ግብር ለመሸሽ ብሎ አድራሻ ማዛወር በእነሱ ሁኔታ ትርፉ ትንሽ ነው። ሜሪላንድ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን በግዛት ግብር አትነካም፤ የሚቀረው ከቁጠባ በሚወጣው ገንዘብ ላይ የሚከፈለው ነው። ለዚያ ሲባል የሠላሳ ዓመት ሐኪም፣ እድርና የምርጫ ካርድ መጣል አይገባም። ልጃቸው ሜሪላንድ ውስጥ ቤት አላት፤ አንድ ክፍል ይይዙላታል፣ ደብዳቤያቸው እዚያ ይመጣል፣ ፋሲካን እዚያ ያከብራሉ፣ ግብራቸውን እዚያው ይከፍላሉ። መመለሻ አላቸውና የወረቀት ጨዋታ አይሆንም። አጎቴ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ሊቪንግስተን ሊቪንግስተን ሲል ከረመ። በመጨረሻ እትዬ ቆርጣ ተናገረች፤ ስለ አድራሻው ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

መንገዱ ተወስኗል። በመስከረም አጋማሽ ተነሥተው ወደ አሪዞና ይወርዳሉ። ኳርትዝሳይት አጠገብ ያለው የፌዴራል መሬት ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 ባለው ወቅት በፈቃድ ለረጅም ጊዜ መስፈር የሚቻልበት ነው፤ ዕድሜያቸው 62 ለሞላ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ከ2017 ጀምሮ በ80 ዶላር የሚሸጠውን የብሔራዊ ፓርኮች የዕድሜ ልክ መግቢያም ገዝተዋል። የገዙት ተጎታች ያገለገለ ነው። ጎማዎቹ አዲስ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው አልተበላም። አጎቴ ግን ተንበርክኮ በጎማው ጎን የታተሙትን አራት ቁጥሮች በባትሪ እያበራ አነበበ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ሰባት ዓመት ሞልቷቸዋል። አራቱም ሳይቀየሩ ከግቢው አይወጣም ብሏል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ደግሞ ለአዲሱ ቴሌቪዥን ከተያዘው ነው። እትዬ ገና አልሰማችም።