በጣሳ የበቀለች ሎሚና የቢራቢሮ እንግድነት

ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ብዙ ነገር ያገኛል፤ ደጁን ግን ያጣል። በጉራጌ አገር ቤት የሚባለው ግድግዳውና ክዳኑ ብቻ አይደለም፤ በጓሮው እንሰት፣ በፊቱም ሣር የለበሰ ሰፊ ጀፎሮ ሲኖረው ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን ከበሩ ሲወጣ የሚረግጠው ሲሚንቶ ነው፤ ያውም ከጎረቤት ጋራ የሚካፈለው። እንዲህ ባለ ስፍራ አትክልት መትከል ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን መሬት የሌለው ሰው ዕቃ አያጣም፤ በዕቃ ውስጥ የገባም ዐፈር መሬት ነው።

በወልቂጤ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይህን ዐውቀውት ነበር። ልጃቸው ወደሚሠራበት ከተማ ባመጣቸው ጊዜ ትተውት የመጡት እንሰት ከዐይናቸው አልጠፋ ስላለ፣ ባዶ የዘይት ጣሳ፣ አፉ የተቈረጠ ጀሪካን፣ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ሰበሰቡና በበሩ ግራና ቀኝ ደረደሩት። በአንዱ በሶብላ፣ በአንዱ ጤና አዳም፣ በአንዱ የጥብስ ቅጠል፣ በትልቁ ጀሪካን ሎሚ ተከሉ፤ በእንስራው ደግሞ መስቀል ሲደርስ ደጁ ባዶ እንዳይሆን የአደይ አበባ ዘር በተኑበት።

የዕቃ አትክልት ሕጉ ጥቂት ነው፤ ቢተላለፉት ግን አይምርም። ጣሳው ከታች በሚስማር ካልተበሳ ውኃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። በቀዳዳው ላይ የገል ስባሪ ቢጣልበት፣ ውኃው ሲወጣ ዐፈሩ አይከተለውም። ዐፈር ብቻውን በዕቃ ውስጥ ይጠጥራልና በደንብ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ይቀላቀልበታል። ደግሞም የጣሳ ዐፈር ከመሬት ዐፈር ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጣት አስገብቶ እየፈተኑ ማጠጣት ይገባል። ደረቅ የእንሰት ቅጠል ከላይ ቢለብስ እርጥበቱን ያቆየዋል። ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን እኒህ እናት ሩዝና ጎመን የታጠበበትን ውኃ አይደፉም ነበር፤ ለጣሳዎቻቸው ያካፍሉታል እንጂ።

አበባው በፈነዳ ጊዜ ቢራቢሮዎች መጡ። ቢራቢሮ ክንፉን ለፀሓይ ዘርግቶ ካልሞቀ ደኅና አድርጎ አይበርም። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ባላት በወልቂጤ፣ ይልቁንም ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ ወደ 2,100 ሜትር ላይ በተቀመጠችው በቡታጅራ፣ የማለዳ ፀሓይ የሚያገኘውንና ከነፋስ የተከለለውን ደጅ ይመርጣል። በአበባው ላይ ሲያርፍ ተጠቅልሎ የነበረውን ረጅም ምላሱን ዘርግቶ ጣፋጩን ውኃ ይመጣል። እርጥብ ጭቃም ይወዳል፤ ከጭቃው ጨው ያገኛልና። በሰሐን እርጥብ አሸዋ ቢቀመጥለት ይወርድበታል። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ቍጥቋጦ አጥብቆ ይወደዋል፤ ሆኖም ዘሩን ወፎች ወደ ግጦሽ ይወስዱታልና፣ ከብትንም ይመርዛልና፣ አስተዋይ ሰው ለቢራቢሮ ብሎ አይተክለውም። በሶብላና አደይ አበባ ይበቃሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ግን ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ የሎሚዋን ቅጠል ተበልቶ አገኘው። የወፍ ኩስ የሚመስሉ ትናንሽ ትሎች በቅጠሉ ላይ ተኝተዋል፤ ያደጉትም አረንጓዴ ሆነው ወፍረዋል።

«እማዬ፣ ሎሚሽን እኮ ፈጁት፤ ነገ መድኃኒት ገዝቼ እረጭባቸዋለሁ» አለ።

«ተው ልጄ፤ ባለፈው ሰሞን ቅጠሉን በእግሯ ስትደበድብ የዋለችው ቢራቢሮ አደራ ያስቀመጠቻቸው ናቸው» አሉት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጠጪ የከረምሽው ለትል ነው?»

ልጁ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። እንሰታቸውን ትተው ለመጡ እናት ያች ሎሚ የቀረቻቸው እርሻ ነበረች። ሰውም በትል ላይ ልቡ የጠነከረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልብስ የሚያጠፋው ብል፣ በሌሊት መብራት የሚዞረውም የእሳት እራት፣ ሁለቱም ከቢራቢሮ ወገን ናቸው። መድኃኒቱ ግን ቢረጭ ትሉን ለይቶ አይገድልም፤ በበሶብላው ላይ ያሉትን ንቦችና አበባውን የሚጎበኙትን ቢራቢሮዎች ጭምር ያጠፋል እንጂ። እናቲቱ ዝም ብለው ቅጠሉን ቈጠሩ፤ ከዚያ ሦስት ትሎች ተዉና የቀሩትን ለቅመው ለጎረቤት ዶሮ ሰጡ። «ሎሚዋ ሦስት እንግዳ ትችላለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም» አሉ።

እናቲቱ በዐይናቸው ያዩትን የሳይንስ ሰዎችም መስክረውታል። ይህች ጥቁር ክንፏ በብጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ትልቅ ቢራቢሮ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትባላለች። እርሷ ራሷ ከየአበባው ትመጣለች፤ ልጆቿ ግን ሎሚንና ብርቱካንን የመሰለ ቅጠል ካላገኙ ያልቃሉ። ስለዚህ ቅጠሉን በእግሯ ቀምሳ ሳታውቅ እንቍላሏን አትጥልም። ትሉ ሲነኩት ከራሱ በስተኋላ ሁለት ቀይ ቀንድ የሚመስል ነገር ያወጣል፤ ሽታውም ጠላት ያባርራል። ጠግቦ ካደገ በኋላ ወገቡን በቀጭን ክር ከግንድ ጋራ አስሮ ሙሽሬ ይሆናል። በዚያ ሽፋን ውስጥ የቀደመው ገላው አብዛኛው ይፈርስና እንደ አዲስ ይሠራል። በጉድጓድ የከረመ ቆጮ ለማያውቀው ሰው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን ይጠብቃል።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለች በ1647 በፈረንጅ አቈጣጠር በጀርመን የተወለደች ሠዓሊ ይህንኑ ለማየት ብላ ባሕር ተሻግራ ሱሪናም ድረስ ሄዳለች። በዘመኗ ብዙ ሰዎች ተባይ ከጭቃና ከብስባሽ እንዲያው ይገኛል ይሉ ነበር። እርሷ ግን በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ ትሉን፣ ሙሽሬውንና ቢራቢሮውን ከሚበሉት ተክል ጋራ በአንድ ገጽ ላይ ሣለቻቸው፤ የተበላውንም ቅጠል እንደ ተበላ አሳየች እንጂ አልሸፈነችውም።

ከሦስቱ ትሎች አንዱን ወፍ ወሰደው። አንዱ ሙሽሬ ሆኖ ሳይወጣ ቀረ። ሦስተኛው ግን አንድ ማለዳ ሽፋኑን ቀዶ ወጣ፤ እርጥብ ክንፉን ወደ ታች ሰቅሎ እስኪደርቅ ቈየና ፀሓይ ሲሞቅ በጣራው ላይ አልፎ ሄደ። ልጁ ያን ዕለት ሥራ አረፈደ። ወዲያውም ሁለተኛ ጀሪካን ቈርጦ አመጣና «ይችኛዋ ለእንግዶቹ ትሁን» ብሎ ሌላ የሎሚ ዘር ቀበረበት።

በበዓል ቀን ባለቅኔው ሲቀኝ የማያደንቅ የለም። ያ ባለቅኔ ግን ትናንት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ የቆመ፣ ውሻም የጮኸበት የቆሎ ተማሪ ነበር። ቍራሹን የሰጠው ባላገር ከቅኔው ድርሻ አለው፤ በሩን የዘጋበት ሰው ግን ቅኔውን ቢያደንቅም ድርሻ የለውም። በቢራቢሮም ዘንድ እንዲሁ ነው። ክንፉን የሚወድ ብዙ ነው፤ ቅጠል የሚሰጠው ጥቂት። ጣሳ ያለው ሰው ሁሉ አበባ ሊተክል ይችላል፤ የሚበላ ቅጠል አብሮ የተከለ ግን ቢራቢሮን ከእንግድነት አውጥቶ ቤተኛ አደረገው።