የእጅ ደብዳቤ በእንጨት ሰሌዳ ላይ

የእጅ ደብዳቤን ወደ ኅትመት ጥበብ፣ ማለትም ከተቀረጸ ሰሌዳ ቀለምን ወደ ወረቀት በማሳረፍ ወደሚሠራ ሥዕል የመለወጥ ሐሳብ ለሰሜን ጎንደር ከተሞች ለደባርቅና ለዳባት እንግዳ ቢመስልም፣ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብዳቤዎቻቸው ላይ ያሳርፉት የነበረው ማኅተም ራሱ ተገልብጦ ከተቀረጸ ቅርጽ የሚወጣ ኅትመት ነበር። በኋላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ጀርመን ተወላጁ ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን ለእነ ዘሪሁን የትምጌታ ሲያስተላልፉ፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደልን የሥዕላቸው ዋና አካል አድርገውታል።

በአሠራሩ፣ በስስ ወረቀት የተወሰደው የደብዳቤ ቅጂ ፊቱ ወደ ሰሌዳው ተለጥፎ ጀርባው በዘይት ሲታሽ ጽሑፉ ተገልብጦ ይታያል፤ ቀራጩም ፊደሉን አስቀርቶ ዙሪያውን በመሮ ይፈለፍላል። አስቸጋሪው የአማርኛ ፊደል ቅጥያ ነው፤ ከ«ሉ» ጎን ያለችውን አጭር ሰረዝ መሮ ከነካት ፊደሉ «ለ» ሆኖ ይቀራል።

ለቅርጽ የሚመረጠው የደብዳቤው ምሥጢር ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ግማሹን ገጽ የሚይዘው «ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው የሰላምታ ክፍል ቢሆን ይሻላል፤ የጸሐፊው እጅ በነፃነት የሚፈስሰው እዚያ ነውና። የቤተሰብ ደብዳቤ ያላችሁ ግን ዋናውን ወረቀት ለሰሌዳ አትስጡ፤ ጸሐፊው በሕይወት ካሉም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።