ያልጠጣሁት ጠላ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት ገባሁ። የመንዝ ብርድ ጥር ላይ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባና ደራርባ አስቀመጠችኝና ጠላውን በጣሳ ሞልታ መጣች። እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዘረጋችልኝ።

«አልጠጣም እኮ አክስቴ።»

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ትቼዋለሁ።»

ጣሳውን መደቡ ላይ አስቀመጠችው። አንሺውም አላልኳት፣ እሷም አላነሳችው። ማታውን ሙሉ እዚያው አመሸ። ራት ከተበላ በኋላ ከቦርሳዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳወጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እሱን ወደነበረበት መልሰው» አለች። «አቡነ ዜና ማርቆስ ያስተማረንን አንተ ልታስተምረን ነው?»

አዲስ አበባ ተመልሼ ለጸሎት ቡድናችን «ገፉኝ» ብዬ ተናገርኩ። አዘኑልኝ። አንድ ወንድም የእግርን ትቢያ ስለማራገፍ የሚናገረውን ክፍል አነበበልኝ። ውስጤ ግን ሳቀ፤ አክስቴ ወለሏን በእበት ለቅልቃ ነው የጠበቀችኝ፣ የማራግፈው ትቢያ ከየት ይመጣል?

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ማንበብ የጀመርኩት። ጀርመናዊ ነው፤ የላከው ግን የእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነበር። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ ስሙ በስብከት ላይ ይነሳል፤ በር ሲዘጋበት ያልተመለሰ ሰው እየተባለ። ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 እሱና ጓደኛው ኢዘንበርግ ከዓድዋ ተባረሩ። በ1839 ዞረው አንኮበር ገቡ፤ ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፍ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቀረ። ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መመለስ የጀመረው ያኔ ነው። በመጋቢት 1842 እጮኛውን ሊያገባ ወደ ግብፅ ሲነሳ በእኛው አገር አለፈ፦ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሚገዙበት በሰላ ድንጋይ፣ በመንዝ፣ ከዚያ በግሼ። ወሎ ሲደርስ አዳራ ቢሌ የሚባል ባላባት ያዘውና ያለውን ሁሉ ዘረፈው። እንደምንም ምፅዋ ደረሰ። አግብቶ ታጁራ ሲደርስ ሸዋ እንዳይገባ መከልከሉን ሰማ።

ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛኝም፤ ሸዋዎች ለምን ዘጉበት?

በእነሱ ቦታ ሆኜ ሳየው ብዙም አይገርመኝም። ከሺህ ዓመት በላይ ያመነ አገር ነው። ሸዋ ራሷ በዚያ ዘመን ስለ ክርስቶስ ልደት በሚደረግ ክርክር ትታመስ ነበር፤ ሃይማኖት የማይገደው ሕዝብ እንዲህ አይጣላም። ክራፍ ደግሞ ጾሙን፣ የቅዱሳንን አማላጅነት፣ አባቶች ያቆዩትን ብዙ ነገር ከንቱ ነው እያለ መጣ። ንጉሡ ከፈረንጅ የፈለገው ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲመጣም በመሐል ገብቶ የረዳው ይኸው ሰባኪ ነው። ታዲያ በሩ የተዘጋው በወንጌል ላይ ብቻ ነው? እኔ እንጃ። አንዳንዴ «ስለ ስሙ ተጠላሁ» የምንለው ነገር ውስጥ የራሳችን ጠባይ ስንት እጁን እንደሚይዝ ብንመዝነው ሳናፍር አንቀርም።

ክራፍን የወደድኩት ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው። በ1843 ከሚስቱ ከሮዚና ጋር በምፅዋ በኩል በትግራይ ሊገባ ሞከረ። በሾሆዎች በረሃ መንገድ ላይ ሮዚና ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት። ስሟን ምን አሉት? እንባ። በአማርኛ፣ እንባ። ያባረረው አገር፣ መልሼ አላስገባም ባለው ንጉሥ ቤት በሚነገር ቋንቋ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። በጀርመንኛም ስም አይጠፋም ነበር።

ትግራይም አላስገባችውም። በ1844 ሞምባሳ ወረደ፤ በሐምሌ ሮዚናና ሌላ አራስ ሴት ልጁ በቀናት ልዩነት ሞቱበት። እሱ ግን እዚያው ሆኖ ስዋሂሊ ተማረ፣ ጻፈ። እርጅናው ላይ ጀርመን ተቀምጦ ደግሞ ወደ አማርኛ ተመለሰ፦ አቡ ሩሚ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ የተረጎሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለአዲስ እትም አረመ። አንኮበርን ካየ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። በ1881 ሞተ።

እኔ ደግሞ የጣሳው ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። አክስቴ መጽሐፌን ከመመለሷ በፊት ጠላዋን የመለስኩት እኔ ነኝ። ቀምሳ ያቀረበችውን። ሰሞኑን ሁሉ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ጋን ስታጥን ከርማ ያዘጋጀችውን። አሁንም አልጠጣም፤ እሱ አልተለወጠም። ግን «ገፉኝ» ብዬ ሳወራ የማንን እጅ ማን እንደገፋ አልተናገርኩም ነበር።

ባለፈው መስከረም እንደገና ሄድኩ። ሳልነግራት ነው የሄድኩት፤ እሷ ግን ሰምታለች። ጣሳ ይዛ መጣች፤ ከቆላ እህል ልትሸጥ የምትወጣ አንዲት ሙስሊም ደንበኛዋ ያሳየቻትን የማያሰክር መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ ጠምቃ ኖሯል። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምኑ ይጠጣል ይኼ» አለችና ዘረጋችልኝ።

ጨለጥኩት። ደገመችልኝ። ከራት በኋላ ቦርሳዬን በአገጯ እያሳየች፦

«ያንን መጽሐፍ አላመጣኸውም?»

«አምጥቻለሁ።»

«ይቀመጥ» አለች፤ እሳቱን ልትቆሰቁስ ጎንበስ አለች።